ሰው የሚያመጣ ስልክ

እኔ ሸሚዝ ልገዛ ስወጣ ባለቤቴ ምሳ የምትቋጥርልኝ ሰው ነኝ። አንዱ ሱቅ ገብቼ ሰማያዊውን አያለሁ፤ ሌላው ሱቅ ገብቼ ያንኑ ሰማያዊ አያለሁ፤ ተመልሼ ሄጄ የመጀመሪያው ሰማያዊ ከሁለተኛው የበለጠ ሰማያዊ መሆን አለመሆኑን አረጋግጣለሁ፤ በመጨረሻ ነጭ ገዝቼ እገባለሁ። ነጩንም ቤት ስደርስ አልወደውም። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ነው፣ ስልክ ቀይር ብለው ነቀምቴ ገበያ ውስጥ የለቀቁት።

መቀየሩ ግን ግድ ነበር። አሮጌው ስልኬ ባትሪው አብጦ ጀርባውን ስለገነጠለው በላስቲክ አስሬዋለሁ። ስክሪኑ ከላይ ግማሽ ድረስ ጠቁሯል፤ ማን እንደደወለልኝ የማውቀው አንስቼ ድምፁን ስሰማ ነው። በዚህ ምክንያት ብድር ከምሸሸው ሰው ጋር ብዙ ጊዜ ሞቅ ያለ ሰላምታ ተለዋውጫለሁ። ማብሪያው ወድቆ ቀዳዳው ብቻ ስለቀረ በስቴኪኒ እየወጋሁ ነው የማበራው። ኪሴ ብዕር ቢያጣ ስቴኪኒ አያጣም፤ ለተማሪዎቼ ሥጋ የማዘወትር መምህር እመስላቸዋለሁ። ከሶኬት ከተነቀለ ደግሞ «ሃሎ» ብዬ ሳልጨርስ ይጠፋል። ተንቀሳቃሽ ስልክ የሚለው ስም ለእኔ ስልክ አይሠራም ነበር።

ይህ ሁሉ ባልከፋ፤ ቅዳሜ ባይኖር።

አባቴ የሚኖረው አንገር ጉቲን ነው። በደርግ ጊዜ ከወሎ ተነስተው እዚያ ቆላ ከሰፈሩት አንዱ ነው። ቤቱ አካባቢ ኔትወርክ የለም። ከቤቱ ጀርባ፣ በቆሎው መሃል፣ ምስጥ የቆለለው ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ አለ፤ ኔትወርኩ ያለው እሱ አናት ላይ ነው። አባዬ ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ከመውረዱ በፊት በትሩን ተደግፎ ኩይሳው ላይ ይወጣና ይደውልልኛል። ወጋችን አጭር ነው። «አለህ?» ይለኛል። «አለሁ» እለዋለሁ። ከዚያ ስለ በቆሎው ትንሽ ያወራኝና ይወርዳል። ይቺን «አለሁ» ካልሰማ ግን እህል በጉሮሮው አይወርድም። ኔትወርክ ጠፍቶ የከረመበትን ጊዜ ያሳለፈ ሰው ዝምታን አያምንም። ልቡም ደካማ ነው፤ ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳታሰሙት ብሎናል። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት እኔ ሶኬቱ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጬ እጠብቀዋለሁ።

ሄደህ አታየውም ወይ ትሉ ይሆናል። ለእሱም ሁልጊዜ የምለውን ልንገራችሁ፦ መንገዱ ሲስተካከል።

አንድ ቅዳሜ «አለህ?» አለና እኔ «አለሁ» ሳልል ስልኩ ከነቻርጀሩ ክልትው አለ። በስቴኪኒ ብወጋው፣ ባሸው፣ ደረቴ ላይ አድርጌ ባሞቀው አልሰማ አለ። ማክሰኞ ዕለት አባዬ በጭነት መኪና ሹፌር «ልጄ አለ ወይ?» ብሎ ላከብኝ። ሹፌሩ ከላይ እስከ ታች አይቶኝ፣ መኖሬን አምኖ ሄደ።

ባለቤቴ ጫልቱ የሲሬ ልጅ ናት፤ ነገር አታንዛዛም። «ማል ጎና? ምን እናድርግ? ሽማግሌውን ልትገድላቸው ነው። ከቅዳሜ በፊት ስልክ ትገዛለህ» አለችኝ።

«እሺ፣ ግን የትኛውን?» አልኳት።

«የሚደውለውን» አለች። አሁን ሳስበው ከሰማሁት ምክር ሁሉ የሚረባው ይሄው ነበር፤ ያን ጊዜ ግን የባለሙያ አስተያየት አልመሰለኝም።

ባለሙያ ፍለጋ ወደ መምህራን ማረፊያ ሄድኩ። የፊዚክሱ ታምራት ጠመኔውን አንስቶ ሰሌዳ ላይ ስለ ራም አስረዳኝ። «ራም ማለት ጠረጴዛ ነው፤ ስቶሬጅ ማለት ቁም ሳጥን ነው» አለኝ። ገባኝ ብዬ ነቀነቅኩ። ማታ ለጫልቱ ሳስረዳት ግን ጠረጴዛውና ቁም ሳጥኑ ተምታቱብኝና፣ ለስልክ የወጣው ብር ለቤት ዕቃ ሊውል ትንሽ ቀረው። ኦቦ ዋቅጅራ ደግሞ አፋን ኦሮሞ የሚያስተምሩ ትልቅ ሰው ናቸው። እሳቸው ራም ምናምን አይሉም። ልጃቸውን ሲድሩ የወንዱን ወገን እስከ ሰባት ቤት ያስቆጠሩ ናቸውና፣ ስልክም ቢሆን ዘሩ ሳይጣራ ቤት አይገባም ባይ ናቸው።

ብቻውን ዕቃ የሚገዛ ሰው እዚህ አገር የተጣላ ሰው ነው የሚመስለው። እኔም ሁለቱን ግራና ቀኝ አድርጌ ሌንሳ የምትባል ልጅ ስልክ ቤት ገባሁ። ኦቦ ዋቅጅራ ከዘራቸውን ተደግፈው አንዱን ስልክ አነሱና፣ «ይሄ ከየት ነው የመጣው? ወንድሞቹ እንዴት ናቸው? ዕድሜ አላቸው?» እያሉ ይጠይቃሉ። ታምራት ቁጥሩን ያነባል። እኔ መስታወቱ ላይ ተደፍቼ ወደ ውስጥ አያለሁ። ሌንሳ ሦስታችንንም አየችና፣ «ቲቸር፣ ስልክ ልትገዙ ነው ወይስ ሽምግልና ነው የመጣችሁት?» አለች። አፈርኩና «እናስብበትና እንመለሳለን» ብዬ ወጣሁ። ሽምግልና ላይም እኮ የሚባለው እንዲሁ ነው።

የቀሩትን የሳምንቱን ቀናት ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ አሰብኩበት። ሌንሳ መጨረሻ ላይ ስታየኝ ሰላም ማለቱን ትታ ወንበር ትስብልኝ ጀመር። ሌላ ደንበኛ ሲመጣ «ቲቸርን ጠይቅ፣ ሁሉንም ያውቃቸዋል» ትላለች፤ እኔም አስረዳለሁ። ባትሪው ይቆያል፣ ካሜራው በጨለማ አያነሳም፣ ይሄኛው ሲቆይ ሀንግ ያደርጋል እላለሁ። ሰዎቹ እያመሰገኑኝ ገዝተው ይሄዳሉ። በእኔ ምክር ብዙ ሰው አዲስ ስልክ ያዘ። ዓርብ ማታ ነገሩ ወደ ሁለት ስልኮች ጠበበ፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው፣ ልዩነታቸው አንዱ ጥቁር ሌላው ሰማያዊ መሆኑ ነው።

ቅዳሜ ማለዳ ታምራትና ኦቦ ዋቅጅራ ከቤት ወሰዱኝ። ሐሳቤ አባዬ ኩይሳው ላይ ሳይወጣ ገዝቼ መመለስ ነበር። ሌንሳ ሲሜን ተቀብላ፣ ለአዲሱ ስልክ ይተልቃል ብላ በመቁረጫ ቀጭ አደረገችው። ሲሙ ከተቆረጠ በኋላ ወደ አሮጌው ስልክ አይመለስም፤ ወደ አዲሱ እንዳይገባ ደግሞ አዲሱ የትኛው እንደሆነ እኔ አልወሰንኩም። ሲሜ ቤት አልባ ሆኖ መስታወቱ ላይ ተቀመጠ። እኔም ጥቁሩን በቀኝ፣ ሰማያዊውን በግራ ይዤ፣ አንዴ ከሱቁ ውጭ በፀሐይ፣ አንዴ ውስጥ በጥላ እያየሁ ጊዜው እንዴት እንደሄደ አላወቅኩም።

እኔ እዚያው ቆሜ ልመርጥ፤ እናንተን ወደ ሰፈራችን ልውሰዳችሁ። ይህን የነገሩኝ በኋላ ነው።

አባዬ ኩይሳው ላይ ወጥቶ ቢደውል ስልኬ ዝግ ሆነበት። ጫልቱ በጸሎት ሰዓት ስልኳን ስለምትዘጋ፣ ለክፉ ቀን ብዬ የጎረቤቴን የኦቦ ገመቹን ቁጥር ሰጥቼው ስለነበር ወደ እሳቸው ደወለ። ኦቦ ገመቹ የእድራችን ዳኛ ናቸው። በሰፈራችን መርዶ የሚነገረው በእሳቸው አፍ ነው፤ ከልማድ ብዛት ድምፃቸው ለስልሶ፣ ለስልሶ፣ «ዛሬ ገበያው ሞቋል» ሲሉ እንኳ የሰው ዓይን እንባ ያቀርራል።

«አንቱ ኦቦ ገመቹ፣ የዚያ ልጅ ስልክ አይሠራም። ደህና ነው?» አለ አባዬ።

«ፈያዳ አባቴ፤ ደህና ነው። ምንም የሆነ ነገር የለም፤ እርስዎ ብቻ አይደንግጡ።»

አባዬ እስከዚያች ሰዓት አልደነገጠም ነበር።

«የት አለ?»

«ጠዋት ሰዎች መጥተው ወሰዱት። ብቻውን አይደለም፤ የሥራ ጓደኞቹ አብረውት አሉ።»

«ሚስቱስ?»

«እቤት ናት። ሴቶቹ አጠገቧ ናቸው፤ አይዞዎት።»

ደግ ሰው ናቸውና ጫልቱን ሊያገናኙት ስልኩን ይዘው እስከ ቤታችን በር ሄዱ። ቅዳሜ ጠዋት የጫልቱ የጸሎት ቡድን እኛ ቤት ነው የሚሰበሰበው። ያን ዕለት ለአንዲት የታመመች እህታቸው እየጸለዩ ነበር፤ ሲጸልዩ ደግሞ ከልባቸው እያለቀሱ ነው። ለቅሶው በስልኩ ገባ። «አሁን ማቋረጥ አይሆንም» አሉ ኦቦ ገመቹ። ከዚያ ለጨዋነት ያህል፣ «ግን አባቴ፣ ቆይተዋልና ብቅ ቢሉ ጥሩ ነው» ብለው ዘጉ።

ከተናገሩት ውስጥ ቅንጣት ውሸት የለበትም። ግን እኛ አገር ሞት በስልክ አይነገርም፤ ደህና ነው፣ አትደንግጥ፣ ብቻ ብቅ በል ነው የሚባለው። አባዬ ራሱ በእነዚሁ ቃላት የሰፈሩን ግማሽ አርድቷል። የገዛ መርዶውን ሳያውቀው ይቀራል?

ከኩይሳው ሲወርድ ጎረቤቶቹ ደግፈው እንዳወረዱት ሰማሁ። ለጫልቱ ደውሎ የጠየቀ የለም፤ ሐዘን ላይ ላለች ሴት ባልሽ ሞተ ወይ ተብሎ አይደወልም። ወደ ነቀምቴ በቆሎ የጫነ አይሱዙ ነበር። አባዬን ከሹፌሩ ጎን ሊያስቀምጡት ቢሉ፣ ከለቀስተኛው አልለይም ብሎ ከማዳበሪያው ላይ ወጣ። ጋቢያቸውን አደግድገው፣ ያን መንገድ እየተንገጫገጩ መጡ። እንደ ወጉ ከሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ዋይታውን ለቀቁት።

ሰፈሩ ተነቅሎ ወጣ። የሩቅ ዘመድ አልቅሶ ከመጣ፣ ያለ ነገር እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። ጫልቱ ከጸሎት ተነስታ ወደ እኔ ደወለች፤ ዝግ ነው። ከመሃከል አንዱ ባጃጅ ተገልብጧል አለ። ይህ የባጃጅ ነገር ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አልተጣራም፤ አንዴ ከተባለ በኋላ ግን ያላየው ሰው አልነበረም። ኦቦ ገመቹ «እኔ እኮ ደህና ነው ብያለሁ» እያሉ ትንሽ ተከራከሩ። በኋላ የአባዬን ፊት ሲያዩ፣ አባት የሚያውቀውን እኔ ከየት አውቃለሁ ብለው የእድሩን ድንኳን አስወጡ።

እኔ በዚያ ሰዓት ጥቁሩን ገዛሁ። ከሱቁ ስወጣ በሩ ላይ ሰማያዊው ይሻለኝ ነበር አልኩ፤ ሌንሳ እንደለመደችው ቀየረችልኝ። ሲሙ ገባ። ስልኩ ሲበራ መጀመሪያ ቋንቋ ምረጥ አለኝ። እዚያች ላይ ቆምኩ። አማርኛ ልበል፣ አፋን ኦሮሞ ልበል? ቤቱ የሁለታችን ነው፤ ጫልቱን ሳላማክር አልወስንም ብዬ እንደዚያው ኪሴ ከተትኩት። የአባዬ ሰዓት እንዳለፈ ያወቅሁት ያኔ ነው። ልቤ ቢደነግጥም፣ ከኩይሳው ወርዷል፣ ብደውልም አላገኘው፣ በሹፌር እልክበታለሁ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ታምራትንና ኦቦ ዋቅጅራን ምሳ ጋብዤ፣ መርቀውኝ ተለያየን።

ሰፈር ስደርስ ድንኳን ሲተከል አየሁ። የእኛ ሰፈር መንገድ ጠባብ ነው፤ የማንም ሰው ሞት የሁሉም ሰው በር ላይ ነው የሚተከለው። አዴ ዲንቄ፣ አጥር የምንጋራቸው አሮጊት፣ ታመው ሰንብተዋል። አይ፣ አዴ ዲንቄ አረፉ አልኩና ፊቴን አጠቆርኩ። ለቅሶ ላይ እጅ አጣጥፎ መቆም ነውር ስለሆነ፣ ድንኳኑን ከሚያቆሙት ሁለት ሰዎች የአንዱን ገመድ ተቀብዬ መወጠር ጀመርኩ። ሰዎቹ ከታችኛው ሰፈር ናቸው፤ አያውቁኝም።

ቀና ስል አዴ ዲንቄን አየኋቸው። በሕይወት አሉ፤ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው ያለቅሳሉ።

«የሞተው ማነው?» አልኩት ሰውየውን በለሆሳስ።

«አንድ መምህር ነው። ስልክ ሊገዛ ወጥቶ ባጃጅ ተገለበጠበት አሉ።»

«ነፍስ ይማር» አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት። ይሄ የመምህር ዕድል ነው፣ ስልክ እንኳ ሳይገዛ፣ ብዬ አዘንኩ። «ጥሩ ሰው ነበር?»

«ጥሩ ነበር ይላሉ። ሰው አይነካም፣ ሰላምተኛ ነው። ብቻ ነገር መወሰን አይችልም ነበር አሉ።»

ገመዱ ከእጄ ሊያመልጥ ነበር። ወደ በሩ ዞር አልኩ። የእኔ በር ነው። በሩ ላይ ጫልቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘዋት ቆማለች። ከእሷ ፊት አባዬ በቆሎው ጭነት ላይ በለበሰው አቧራ እንደተሸፈነ፣ በትሩን ተደግፎ መሬት መሬት ያያል። ያን ያህል ያረጀ አልመሰለኝም ነበር። ልቡ ትዝ አለኝ። ብጣራ በድንጋጤ ይሞትብኛል፤ ዝም ብልም በሐዘን ይሞትብኛል። ዕድሜዬን ሙሉ መምረጥ የከበደኝን ያህል እንደዚያች ደቂቃ ከብዶኝ አያውቅም። ገመዱን እንደያዝኩ ቆምኩ።

እሱ ነው ቀድሞ ያየኝ።

አባዬ ቀስ እያለ መጣና እጁን ፊቴ ላይ አደረገ። ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ ጆሮዬን ዳሰሰ።

«አለህ?» አለኝ።

«አለሁ» አልኩት።

ከዚያ በበትሩ ጀርባዬን አቀመሰኝ። እንዲያ ደስ ያለኝ ዱላ በዕድሜዬ ቀምሼ አላውቅም፤ በእጁ ጉልበት አለ፣ ልቡም ደህና ነው አልኩ። ጫልቱ ደረቴ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ሲበርድላት፣ «እንኳንም ሸሚዝ ልትገዛ አልሄድክ፤ ቀብሬህ ሁሉ እመለስ ነበር» አለችኝ።

ኦቦ ገመቹ ድንኳን ተተክሎ በባዶ አይፈርስም አሉ፤ ንፍሮውም ተቀቅሏል። ለቀስተኛው እዚያው ተቀምጦ እየበላ፣ አልቅሶልኝ የነበረውን እያስታወሰ ሲስቅብኝ አመሸ። እኔ አዲሱን ስልክ አውጥቼ፣ ጫልቱ ቋንቋውን መርጣልኝ፣ ለአንድ ሰው ደውዬ ልሞክረው ብል የምደውልለት አጣሁ። የማውቀው ሰው ሁሉ ቤቴ ነበር።

አባዬ ጥቂት ቀን ሰነበተ። ያን ሰሞን የምለማመደው ስልክ ማንሳት ነበር። አዲሱ ስልክ ሲጠራ አረንጓዴውን ወደ አንድ በኩል፣ ቀዩን ወደ ሌላ በኩል መጎተት ነው ይላሉ። ጫልቱ ከጓዳ ትደውልልኛለች፣ እኔ ሳሎን ሆኜ እዘጋባታለሁ። አባዬ ቁጭ ብሎ ያየኛል። ሲሄድ መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። «መንገዱ እንደምትለው አይደለም» አለኝ። «እኔ በዚህ ዕድሜዬ በቆሎ ላይ ተቀምጬ መጥቼበታለሁ።»

በቀጣዩ ቅዳሜ በርጩማዬን ትቼ ሶፋ ላይ ተቀመጥኩ። ስልኩ ጠራ፤ «አባዬ» የሚለው ስም ከነሙሉ ፊደሉ ታየኝ። ደስ ብሎኝ ጣቴን ጎተትኩ። ቀዩን ነው የጎተትኩት። ፀጥ አለ። መልሼ ብደውል አይገኝም፤ ደግሜ ብደውል አይገኝም። ወርዷል ማለት ነው። አይሱዙው፣ ማዳበሪያው፣ ዋይታው፣ የደከመው ልቡ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። ለጫልቱ «ድንኳን ሊተክሉ ቢመጡ እንዳትፈቅጂላቸው» ብያት ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። ማንንም አላማከርኩም። የመጀመሪያውን መኪና ያዝኩ፤ ቀለሙን እንኳ አላየሁም።

አንገር ጉቲን እስክደርስ ነፍሴ አልመለስልህ አለችኝ። ከቤቱ ደጃፍ ጆሮዬን ጣልኩ፤ የሚያለቅስ የለም። ወደ ጓሮ ዞርኩ። አባዬ ኩይሳው ሥር፣ ጥላው ላይ ተቀምጦ ማንጎ ይልጣል። አጠገቡ ሌላ ማንጎ ተልጦ በሳህን ተቀምጧል።

«አለህ?» አለኝ፤ ቀና እንኳ አላለም።

«አለሁ። አባዬ፣ ተሳስቼ ነው የዘጋሁት።»

«አውቃለሁ። አንዴም አስተካክለህ ስታነሳ አይቼህ አላውቅም።»

«ታዲያ መልሰህ አትደውልም ነበር? ነፍሴ እኮ ወጣች።»

«ብደውልማ አትመጣም» አለኝ።

ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። ከዚያ ስልኩን ከእጄ ተቀብሎ ጀርባውን አገላብጦ አየው፣ በጋቢው ጫፍ ጠረገልኝና መለሰልኝ። «ይሄኛው ይሻላል፤ እንዳትቀይረው» አለ። «ያኛው ድምፅህን ብቻ ነበር የሚያመጣው።»